አዲስ አበባ–ሐዋሳ፦ በሚኒባስ ሄጄ በአውቶቡስ ተመለስኩ

እናቴ የምትኖረው ሐዋሳ ነው። በወር አንዴ፣ ካልተመቸኝም በሁለት ወር አንዴ ብቅ እላለሁ። መንገዱን እንደ ሠፈሬ አውቀዋለሁ፤ የት ጋ ጉድጓድ እንዳለ፣ የት ጋ ልጆች ዓሣ አንጠልጥለው አስፋልት ውስጥ እንደሚገቡ፣ የት ጋ ትራፊክ ዛፍ ጥላ ሥር እንደሚቆም። ሰው ስለ ምግብ ቤት ይጽፋል፣ ስለ ስልክ ይጽፋል፣ ስለ ፀጉር ቤት ሳይቀር ይጽፋል። 275 ኪሎ ሜትር ሙሉ ነፍሱን ስለሚያስረክበው መኪና ሲጽፍ ግን ብዙም አላየሁም። እስቲ እኔ ልሞክረው።

ሰሞኑን ስሄድ በሚኒባስ፣ ስመለስ በትልቁ አውቶቡስ ነበር። አቅጄው አይደለም። አርብ ከሥራ ሹልክ ብዬ ስወጣ አውቶቡሶቹ ጠዋት ሄደው አልቀዋል። የአውቶቡሱን ድርጅት ስም አልጠራም። ሚኒባሱማ ስምም የለው። ከኋላው "ሁሉም ያልፋል" የሚል ጥቅስ ተለጥፎበታል። መከራው ያልፋል ለማለት መስሎኝ ነበር። ዱከም ሳንደርስ ነው ስለ ሹፌሩ የተጻፈ መሆኑ የገባኝ።

ቃሊቲ መናኸሪያ ስደርስ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። "ሐዋሳ! ሐዋሳ! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ አንዱ ቦርሳዬን ከእጄ ወሰደው። ገባሁ። እውነትም ሞልቷል። አስር ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ ተሳፋሪ ውሃ ልግዛ ብሎ ወረደ፣ አንዱ ስልክ እያወራ ወረደ፣ አንዷ ምንም ሳትል ወረደች። አልተመለሱም። መኪናው የሞላ እንዲመስል የተቀመጡ የመናኸሪያ ልጆች ናቸው። ይህን ጨዋታ ስንት ዓመት አውቀዋለሁ፣ ሁልጊዜም እሸወዳለሁ። የወጣነው 9፡40 ነው። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ጠበቅኩ ማለት ነው። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ጋቢና ደረሰኝ። ቀበቶውን ስስብ ሹፌሩ በጎን ገረመመኝና "ፈርተህ ነው?" አለኝ። ሰድቤው አይደለም እኮ። ቀበቶ ነው ያሰርኩት። ለማሰር ነው እንጂ የሞከርኩት፣ መግቢያው ጠፍቷል፤ ምላሱ ብቻ ነው ያለው። "ትራፊክ ጋ ስንደርስ በእጅህ ያዘው፣ ይበቃል" አለ። እሱ ራሱ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቀበቶውን ደረቱ ላይ ጣል ያደርገዋል እንጂ አይቆልፈውም። ከኋላ ያሉት ወንበሮች ቀበቶ ነበራቸው ለማለት ይቻላል፤ ግን ከወንበሩ ልብስ ሥር ተቀብረዋል፣ ልብሱ ላይ ደግሞ ፕላስቲክ ተሰፍቶበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ቀበቶ የፊት ወንበር ተሳፋሪን ከሞት የማዳን አቅሙ እስከ ግማሽ ይደርሳል ይላል። እኛ ዘንድ ግን ቀበቶ ከትራፊክ ቅጣት የሚያድን ነገር ነው። ኬላው ካለፈ ይፈታል።

ጭነቱን ላውራ። ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር ላይ አራት። ከበሩ አጠገብ ዱካ ላይ አንድ። ከኔ ኋላ፣ ሞተሩ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው ሁለት። ፖርቶ መጋላው ላይ ደግሞ ሁለት ጆንያ፣ አንድ ፍራሽና ምን እንደሆነ ያልታወቀ በሸራ የተሸፈነ ነገር። አናቱ የከበደ መኪና ጠማማ ላይ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ፊዚክስ መማር አያስፈልግም። መሪው ትንሽ ሲዞር ላይኛው ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፣ ታችኛው ወደ ሌላ። ከመነሳታችን በፊት የኋላ ጎማውን አይቼዋለሁ፤ ጥርሱ አልቆ እንደ ብርጭቆ ተልጧል። አይቼ ምን አደረግኩ? ገብቼ ተቀመጥኩ።

ከቢሾፍቱ ወዲህ ትራፊክ ነበር። እንዴት አወቅን? ከፊት የሚመጣው ተሳቢ መብራቱን ሁለቴ ብልጭ አደረገልን። በዚህ መንገድ ላይ ሹፌሮች የሚተሳሰቡት በዚህ ብቻ ነው። ረዳቱ ወደ ኋላ ዞረና "ትርፎች፣ ዝቅ በሉ!" አለ። ዝቅ አሉ። አንድ ሽበታም አባት ሳይቀሩ ጉልበታቸውን አቅፈው ከወንበሩ ሥር ገቡ። አጠገባቸው ያለችው ልጅ ነጠላዋን አለበሰቻቸው። ማንም አላጉረመረመም። እኔ ጋቢና ቁጭ ብዬ፣ ያልተቆለፈ ቀበቶ በእጄ ይዤ፣ ትራፊኩን በትሕትና ዓይን ዓይኑን እያየሁ ነበር። እሱም የሦስተኛ ወገኑን ስቲከር አየና በእጁ እለፉ አለን። ካለፍን በኋላ መኪናው ውስጥ ሳቅ ሆነ። አባትዬውም ሳቁ። አብረን አንድን ሰው የሸወድን መስሎን ነው የሳቅነው።

አሁን ወደ መንገዱ። ከአዲስ አበባ ሲወጡ ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ የክፍያው የፍጥነት መንገድ ነው። ቱሉ ዲምቱ ላይ ይገባሉ፣ በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት ረድፍ አለው፣ መሐሉ የተከፈለ ነው፣ ዳር ዳሩ ታጥሯል። ሞጆ ሲደርሱ ወደ ሐዋሳ በሚሄደው ሌላኛው የክፍያ መንገድ ይታጠፉና መቂን አልፈው ባቱ፣ ማለትም ዝዋይ፣ ድረስ ይሄዳሉ። ሁለተኛው የድሮው ነው። ቃሊቲ፣ አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ ቆቃ፣ ዓለም ጤና፣ መቂ። አንዱ ሲመጣ አንዱ ይሄዳል፣ መሐል ላይ ያለው ቀለም ብቻ ነው። እሱም በብዙ ቦታ ጠፍቷል። ከባድ መኪናው፣ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ፣ ከፋብሪካ የምትወጣው ሴት፣ በሬው፣ አህያው ሁሉም እዚያው ላይ ነው።

የኛ ሰውዬ በየትኛው ሄደ? በድሮው። ለምን? ክፍያውን ላለመክፈል፣ በዚያ ላይ በየከተማው እየቆመ ትርፍ ለመጫን። ልብ በሉልኝ፤ መኪኖች ፊት ለፊት እንዳይጋጩ ተብሎ የተሠራ መንገድ አጠገባችን ተዘርግቷል። እኛ ለጥቂት ብር ብለን ፊት ለፊት የሚጋጩበትን መረጥን። "እኛ" ያልኩት አውቄ ነው። ክፍያውን እንካፈል ብሎ የጠየቀ ተሳፋሪ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።

የመኪናው ፍጥነት መቁጠሪያ አይሠራም። ቀስቷ ዜሮ ላይ ተኝታለች። በስልኬ ከፍቼ አየሁት። ከአዳሚ ቱሉ ወዲያ 118 አነበብኩ። 118 ማለት በሰከንድ 33 ሜትር ማለት ነው። ሹፌሩ ስልኩን አንስቶ ማን እንደደወለ ለማየት ሦስት ሰከንድ ቢፈጅበት፣ አንድ የኳስ ሜዳ ሙሉ ማንም ሳይነዳን ሄድን ማለት ነው። ደግሞ አየ። ሁለት ጊዜ።

ቡልቡላ ሳንደርስ ቲማቲም የጫነ አይሱዙ ከፊታችን ነበር። ሊቀድመው ወጣ። ከፊት መብራት መጣ። ተመለሰ። እንደገና ወጣ። ከኋላ አንዲት እናት "ኧረ በእመቤቴ፣ ልጄ ቀስ በል!" አሉ። "አይዞዎት እማማ፣ ሃያ ዓመት ነድቻለሁ" አላቸው። ሦስተኛው ላይ ገፋበት። የሚመጣው ፒካፕ ወደ ጠጠሩ ወርዶ አሳለፈን። ያ ሰውዬ ባይወርድልን ይህን አልጽፍም ነበር።

ማታ እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ አሰላሁት። አይሱዙው በ60 ይሄዳል እንበል፣ እኛ በ100። በየሰከንዱ የምንበልጠው 11 ሜትር ነው። ከኋላው ተነስተን፣ ጎን ለጎን ሆነን፣ አልፈን ረድፋችን እስክንገባ 80 ሜትር ያህል ልንበልጠው ይገባል። ከ7 ሰከንድ በላይ ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ እኛ 200 ሜትር እንጓዛለን። ከፊት የሚመጣውም በ100 ከመጣ እሱም 200 ይጓዛል። ስለዚህ ሊቀድም የሚወጣ ሰው ቢያንስ 400 ሜትር ባዶ አስፋልት ማየት አለበት። ያን ጊዜ እኔ የታየኝ ግማሹ ቢሆን ነው። ሃያ ዓመት መንዳት ይህን ሒሳብ አይቀይረውም።

ስለ ቲማቲም አይሱዙዎቹም አንድ ነገር ልበል። ከመቂና ከባቱ የሚነሱት አትክልት ተራ ማልደው ካልደረሱ ዋጋ ይወድቅባቸዋል። የጫት መኪና ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ቅጠሉ ከጠወለገ ገንዘቡ አብሮ ይጠወልጋል። ሰዉ አይሱዙን "አልቃይዳ"፣ ሲኖትራክን "ቀይ ሽብር" ብሎ ሰይሞ ይስቃል። ስም ማውጣት እንችልበታለን።

ላንጋኖ አካባቢ ጨለመብን። ከዚህ በኋላ ያለው ጉዞ ሌላ ነው። ባጃጅ ያለ ኋላ መብራት። ጋሪ ያለ አንጸባራቂ። በጥቁር ካፖርት አስፋልቱን ይዞ የሚሄድ እግረኛ። ከሰል ከዳር ደርድረው የሚሸጡ። የፊት ለፊቱ መኪና ረጅም መብራቱን አይቀንስም፣ የኛውም አይቀንስለትም፣ ሁለቱም ለጥቂት ሰከንድ ታውረው ይተላለፋሉ። አርሲ ነገሌ ሳንገባ የተበላሸ ተሳቢ ረድፋችን ላይ ቆሞ አገኘነው። ሦስት ማዕዘን ምልክት የለም። ከኋላው ድንጋይ ደርድረዋል፣ ትንሽ ቅጠልም ጣል አድርገዋል። ሹፌሩ ያየው ዘግይቶ ነው። መሪውን ሲስበው አናታችን ላይ ያሉት ጆንያዎች ሲንሸራተቱ ሰማሁ። መኪናው ለአንድ አፍታ በሁለት ጎማ የቆመ መሰለኝ። ከኋላ ማንም አልጮኸም። ዝም ነው ያለው ሁሉ።

ድንጋዩ ነገር ይገርመኛል። ተሳቢው ይጠገንና ይሄዳል። ድንጋዩ ይቀራል። እሑድ ስመለስ በቀን አየሁት። መኪናው የለም። ድንጋዮቹ ተደርድረው ቁጭ ብለዋል፣ ቅጠሉ ደርቆ።

ሻሸመኔ ላይ ጎማ ሊያስተካክል ቆመ። ለካ እሱም ጎማውን ፈርቶታል። ሻይ ጋበዘኝ። እዚያ ነው ያወራነው። ሰውዬው ክፉ አይደለም። ይህን መጻፍ አለብኝ፣ ምክንያቱም እስካሁን ያነበበ ሰው አውሬ ሊመስለው ይችላል። ከሐዋሳ የተነሳው ሌሊት 11 ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ደርሶ፣ ተራ ጠብቆ፣ ሞልቶ እየተመለሰ ነው። ሁለተኛ ቢያጆው ነው። መኪናው የሱ አይደለም። ለባለቤቱ በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ አለ፤ ነዳጁ፣ ረዳቱ፣ የመናኸሪያው፣ የደላላው ከዚያ ላይ ነው። የሚተርፈው የሱ ነው። አንድ ቢያጆ ከሠራ ለባለቤቱ ሠራ፣ ሁለት ከሠራ ለልጆቹ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ጫት ለመዝናኛ አይደለም፣ እንቅልፍ መከላከያ ነው። "ስንት ሰዓት ትተኛለህ?" አልኩት። ሳቀ።

ነገ ይህ ሰው ቢገለበጥ ዜናው ምን እንደሚል አውቃለሁ። "የአደጋው መንስኤ ከመጠን በላይ ፍጥነት ነው።" ውሸት አይደለም። ግን ፍጥነቱ ከየት መጣ? ያን ፍጥነት ባለቤቱ በገቢ ቆርጦለታል፣ ደላላው አንድ ሰዓት ከአርባ አስቀምጦ አስቸኩሎታል፣ እኛ ደግሞ ከኋላ ሆነን "ሹፌር፣ አሁን እንዲህ ከሄድን መቼ ልንደርስ ነው?" ብለነዋል። እውነቴን ነው፣ ዱከም ላይ ያለው አንድ ወጣት ነው። እማማ ብቻ ናቸው ቀስ በል ያሉት። የፍጥነት መገደቢያ ይገጠም ተብሎ መመሪያ ከወጣ ዓመታት ሆነዋል። ስለሱ ስጠይቀው ረዳቱን አየና ሁለቱም ሳቁ።

ሐዋሳ የገባነው ማታ 2፡10 ነው። እናቴ በር ላይ ቆማ "በምን መጣህ?" አለችኝ። ይህን ጥያቄ መጠየቅ ያበዛችው ከ2017 ታኅሣሥ ወዲህ ነው። እዚያው ሲዳማ ውስጥ፣ ቦና ላይ፣ ሰርገኛ የጫነ አይሱዙ ወንዝ ገብቶ 71 ሰው ሞተ። የጭነት መኪና ነው። ሰው ሊጫንበት አይገባም ነበር። ግን በዚያ አካባቢ ለሰርግ ሌላ ምን ይገኛል? "በአውቶቡስ" አልኳት። ዋሸኋት።

ስመለስ ላልዋሽ ወሰንኩ። እሑድ ጠዋት ከሐዋሳ በትልቁ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ትኬቱ ከሚኒባሱ ትንሽ ይወደዳል። ሚኒባሱ ግን ከታሪፍ በላይ ስላስከፈለኝ ልዩነቱ ይህን ያህል አልነበረም። ሊነሳ የነበረው 12 ሰዓት ነው፣ 12፡15 ተነሳ። ይህ ለኛ አገር በሰዓቱ ነው። ረዳቷ በየወንበሩ እየዞረች "ቀበቶ እሰሩ፣ እባካችሁ" አለች። ያልታሰረውን ራሷ ታሳስራለች። አንድ ጎልማሳ "ልጄ፣ ይጨንቀኛል" አላት። "አባቴ፣ ከተገለበጥን የበለጠ ይጨንቅዎታል" አለችው። ለሷ ብቻ አንድ ኮከብ።

ስልኬን ከፈትኩ። እስከ ባቱ ባለው የድሮ መንገድ ላይ ከ80 በላይ አላየሁም። ቡልቡላ አካባቢ፣ እዚያው የአርቡ ቦታ ላይ፣ ድንጋይ የጫነ ሲኖትራክ ከፊት ያዘን። ሹፌሩ ሊቀድም አልወጣም። ስድስት ደቂቃ ከኋላው ተከተለው። ሰዓት ይዤ ነው። ከኋላ ማጉረምረም ተጀመረ፦ "ይሄ ሰውዬ ተኝቷል እንዴ?" "ቢያልፈው ምናለ?" ሹፌሩ አልሰማም ወይ ሰምቶ ዝም አለ። ሜዳው ሲገለጥ አለፈው፣ ወደ ረድፉ ገባ፣ አለቀ። ምንም የሚነገር ነገር የለውም። ጥሩ ሹፌር የሚነገር ወሬ የለውም፤ ለዚህ ይሆናል ስለሱ የማይጻፈው።

ባቱ ላይ የክፍያው መንገድ ውስጥ ገባ። ትንፋሼ ተስተካከለ። የሚመጣው በሌላ በኩል ነው የሚመጣው፣ አህያው ከአጥር ውጭ ነው። ተኛሁ። በመንገድ ላይ እንቅልፍ ከወሰደኝ ዓመት አልፎኝ ነበር።

አሁን ነቀፋው። የመስኮት መስበሪያ መዶሻዎቹ የሉም። ማንጠልጠያው አለ፣ መዶሻው የለም። እሳት ማጥፊያው ከሻንጣ ሥር ነው፤ ባይፈለግ ይሻላል። ያጠገቤ ሰው ቀበቶ ይቆለፍና ሲስቡት ይለቃል። ሞጆን እንዳለፍን ደግሞ ሹፌሩ ስልክ አነሳ። አርባ ሰከንድ አወራ። በ80 አርባ ሰከንድ ወደ 900 ሜትር ነው። ያን ሁሉ ጥንቃቄ አይቼ በዚህ ተናደድኩ። ረዳቷን ጠርቼ በቀስታ ነገርኳት። ሄዳ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር አለችው። ዘጋው። ይህ በሚኒባሱ ሊሆን ይችል ነበር? እኔ ራሴ አልሞክረውም ነበር። ፊልሙ ደግሞ ሠፈር ይሰማ ተብሎ የተከፈተ ነው። ኬኩ ደረቅ። ይሄ ግን ማንንም አይገድልም።

አዲስ አበባ 5፡30 ገባን። አምስት ሰዓት ከሩብ።

ያቺን ቁጥር አምጡልኝ። ሚኒባሱ በመንገድ ላይ የፈጀው አራት ሰዓት ተኩል ነው። ከአውቶቡሱ በ45 ደቂቃ ይቀድማል። ቃሊቲ ያስቀመጠኝ ግን አንድ ሰዓት ከአርባ ነው። ሲደመር ስድስት ሰዓት ከአስር። ቀርፋፋ የተባለው አውቶቡስ የመነሻ መዘግየቱ ተጨምሮ አምስት ሰዓት ተኩል። ደግሞ 275ን ለአራት ተኩል አካፍሉት። 61 ይመጣል። በ118 እየበረርን አማካያችን 61 ነበር። ስንቆም፣ ስንጭን፣ ስናወርድ፣ ጎማ ስናስነፋ፣ ሻሸመኔ ውስጥ ስንጨናነቅ ያለቀውን ጊዜ ነው ሰውዬው ቡልቡላ ላይ በነፍሳችን ሊያካክስ የሞከረው።

የዓለም ጤና ድርጅት አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ገዳይ አደጋ በ4 በመቶ ይጨምራል ይላል። ይኸው ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ላይ የአገራችንን ቁጥር አይቼ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በ2016 እ.ኤ.አ. እኛ የመዘገብነው ከ4,000 ጥቂት የሚበልጥ ሟች ነው። እነሱ የገመቱት 27,000 ገደማ። ልዩነቱን ተዉት። ከቦታው ላይ በሚኒባስ ተጭኖ ሆስፒታል ገብቶ በሳምንቱ ያለፈ ሰው ትራፊክ መዝገብ ላይ ላይደርስ ይችላል። ቤተሰቡ ነው የሚቆጥረው።

ትኬት ስቆርጥ አሁን የማየው ነገር ተቀይሯል። ዋይፋይ አለ ወይ አልልም። መጀመሪያ የምጠይቀው "በየትኛው መንገድ ነው የምትሄዱት?" ነው። በክፍያው ካሉኝ ግማሹ ሥጋቴ ይቀንሳል። ከዚያ ጎማውን ዞሬ አያለሁ። ቀበቶውን ጎትቼ አያለሁ። ሹፌሩን ባገኘው ደግሞ "ከየት መጣህ?" እለዋለሁ። ሌሊት ሲነዳ ካደረ በዓይኑ ይታወቃል። ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ የሚነሳ ነገር ላይ ከእንግዲህ አልወጣም፣ ምክንያቱም ላንጋኖ ላይ ይጨልምብኛል። እናቴ አንድ ቀን ብትጠብቀኝ ይሻላታል።

ለአውቶቡሱ ከአምስት ሦስት ተኩል። መዶሻዎቹን ቢመልሱና ሹፌሩ ስልኩን ቢዘጋ አራት ተኩል እሰጥ ነበር። ለሚኒባሱ አንድ፤ እሱም ለሻዩ ነው።

የሚኒባሱ ረዳት ያኔ ስልክ ቁጥሬን ወስዶ ነበር። ትናንት ደወለ። "ብሮ፣ አርብ 8 ሰዓት ላይ አለን፣ ጋቢና ልያዝልህ?" የቅዳሜ ጠዋቱ የአውቶቡስ ትኬት ኪሴ ውስጥ ነው። ጎማችሁ አልቋል፣ ቀበቶ የላችሁም፣ ሹፌርህ እንቅልፍ ያስፈልገዋል ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። "አይ፣ ሰሞኑን አልሄድም" አልኩት።